ከመሸፈኛው ሥር ያለው ቀለም

ሰማያዊው ክፍል ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ የቆየ ሰው በሩን ከፍቶ ወደ ኮሪደሩ ሲወጣ ዓለም ሁሉ ቢጫ ሆና ትቀበለዋለች። ግድግዳው ቢጫ፣ ባልዲ ይዛ የምታልፈው የጽዳት ሠራተኛ ፊት ቢጫ፣ በመስኮቱ የሚታየው ደመና ሳይቀር የእንቁላል አስኳል የተቀባ ይመስላል። ዓይን ሰማያዊ ሲጠግብ የጎደለውን ቀለም ከየትም ፈልጎ ያመጣል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ወደ ልኩ ይመለሳል። ያቺ ጥቂት ጊዜ ግን የጨቅላ ሕፃናትን ቢጫነት ለምትጠብቅ ነርስ ቀላል አይደለችም። የገዛ ዓይኗ ሊዋሻት እንደሚችል ማወቅ አለባት።

ስለዚህ ይህች ነርስ ከክፍሉ በወጣች ቁጥር እጇን በበሩ መቃን ላይ አሳርፋ አንድ ጸሎት በልቧ ትላለች። አትቸኩልም። ጸሎቱ ሲያልቅ ግድግዳው ነጭ ይሆናል፣ ሰውም መልኩን ያገኛል። አዲስ ለሚመጡት ነርሶችም ይህንኑ ታስተምራለች።

"ጸሎት የማያውቅ እስከ ሠላሳ ይቁጠር" ትላቸዋለች። "ግን ጸሎቱ ይሻላል፤ ሁለት ሥራ ይሠራል።"

ስሟን ከደሞዝ ክፍል በቀር የሚጠራው የለም። ሌላው ሁሉ ሲስተር ቀስታ ይላታል። በር የሚከፍተውን "ቀስ"፣ ጋሪ የሚገፋውን "ቀስ"፣ መርፌ የያዘውን ሐኪም "ቀስ በል፣ ቀስ" ትላለችና ነው። አንድ ቀን የሚንተከተክ ማንቆርቆሪያን "ቀስ በል እንጂ አንተ!" ስትለው ሰምተው ሠራተኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች።

በዚያ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ክፍሉ ከፎቁ ጫፍ ነው። ሦስት ግልጽ የፕላስቲክ አልጋዎች አሉት፤ ከእያንዳንዱ አልጋ በላይ አራት ረጃጅም አምፖሎች የተደረደሩበት መብራት ይንጠለጠላል። መጋረጃው ዝግ ስለሆነ እዚያ ውስጥ ንጋትና ቀትር አይለዩም። ሕፃናቱ ከዳይፐር በቀር ራቁታቸውን ናቸው፤ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ጥለው ይተኛሉ። ከውኃ በታች ያለ አገር ይመስላል። የመብራቱ ዝዝታ ብቻ ይሰማል። የሚገቡ ወላጆች ማንም ሳይነግራቸው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ አንዳንዱ አባት ደግሞ ሰማያዊ የሆነ እጁን እያገላበጠ እንደ ሕፃን ይደነቃል።

ወደዚህ ሥራ ያመጣቻት ታናሽ እህቷ ናት። እሷ አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ የተወለደችው ያቺ ልጅ በሦስተኛ ቀኗ ቢጫ ሆነች። ቤተሰቡ አልደነገጠም፤ እንዲያውም "ወርቅ የመሰለች" ተባለላት። አታለቅስም፤ ለመጥባት እንኳ አትነቃም። "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!" እያሉ ጎረቤቶች እናቲቱን አመሰገኑ። እናት ጠዋት ጠዋት መስኮት ሥር ፀሐይ ታሞቃት ነበር፤ በሙሉ ልብ፣ በፍቅር። በስድስተኛው ቀን ልጅቱ ጀርባዋን ወደ ኋላ ለጥጣ ቀጭን ጩኸት ጮኸች። ትልቋ እህት ያን ጩኸት ዛሬም በሕልሟ ትሰማዋለች። ቢጫው ነገር ከደሟ አልፎ አንጎሏ ገብቶ ነበር።

ልጅቱ ተረፈች፤ ተመስገን። ጆሮዋ ግን አይሰማም፣ እጆቿም የታዘዙትን ትተው የፈለጋቸውን ይሠራሉ። ዛሬ አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ ከሲስተር ቀስታ ጋር ትኖራለች። ቀልደኛ ናት። የሰፈሩን ሰው አካሄድ በትከሻዋ ብቻ እየቀዳች እህቷን እንባ እስኪወጣት ታስቃታለች። ትዳር አንዴ መጥቶ የሲስተር ቀስታን በር አንኳኩቶ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሴቶች መኖራቸውን ሲያይ ሌላ ቤት ገባ። እሷ በዚህ አልተቀየመችም። "የቀረብኝን ባውቀው ኖሮ አዝን ነበር" ትላለች። "ያለኝን ግን አውቀዋለሁ።"

ነገሩ የጀመረው አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ከመጀመሪያው አልጋ በላይ ካሉት አምፖሎች ሁለቱ ብልጭ ድርግም ሲሉ ቆይተው ጠፉ። ኤሌክትሪሺያኑ ተጠሩ። ጡረታቸው የቀረበ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው፤ ጋሽ ፊውዝ ይባላሉ። መሰላል ላይ ወጥተው ሲያንጎራጉሩ ቆዩና ወረዱ።

"አራቱንም ቀየርኩልሽ፣ ሲስተር። ሁለቱ አዲስ ሁለቱ አሮጌ ሆነው ከሚጣሉ፣ ወንድማማች ይሁኑ ብዬ ነው።"

ማብሪያውን ሲጫኑት ሲስተር ቀስታ አፏን ያዘች። እንዲህ ያለ ሰማያዊ አይታ አታውቅም። ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ ኮከብ ከመውጣቱ በፊት ያለው ሰማይ ነው፤ ጥልቅ፣ ለስላሳ፣ ሰው ዝም ብሎ ሊያየው የሚወደው። ከጎኑ ያሉት ሁለቱ መብራቶች ወተት የተቀላቀለባቸው መሰሉ።

"ከየት አመጧቸው ጋሼ? እኛ እኮ አዲስ አምፖል ስጡን ስንል ስድስት ወራችን።"

"ከመጋዘን። ሣጥን ሙሉ ተቀምጦ አቧራ ሲበላው።"

"እድሜ ይስጥዎት!"

"እድሜውን ተይውና ለደረጃው ጉልበት ይስጥዎት በዪልኝ።" መሰላሉን ተሸክመው እየሳቁ ወጡ። ሲስተር ቀስታ ግን ትንሽ ቆማ መብራቱን አየችው። የለመነችው ነገር የተሰጣት መስሏት በልቧ አመሰገነች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የአራት ቀን ወንድ ልጅ መጣ። እናቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጣቶቿ ላይ የመርፌ ጠባሳ ያለባት ወጣት። አብረዋት የመጡት እናቷ ግን ለሁለቱም የሚበቃ ድምፅ ነበራቸው። ትልቅ ቦርሳ ታቅፈዋል፤ ማንም እንዲይዝላቸው አልፈቀዱም።

"ልጁ ምንም አልሆነ" አሉ ገና ከበሩ። "ትንሽ ቢጫ ብሏል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ከመጣ ጀምሮ ድምፁን አልሰማንም።"

"ጨዋ" የሚለው ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ ሲነገር እንደማይወደድ የምታውቀው ሲስተር ቀስታ ናት። ተረከዙን ወግታ ደም ወሰደች፤ ልጁ ፊቱን ኮሶ እንደጠጣ አጨማዶ ተመልሶ ተኛ። ውጤቱ አሥራ አምስት ነጥብ ስምንት ሆነ።

ወጣቷ ዶክተር ለእናትና ለአያት አስረዳች። ቁጥሩ በደም ውስጥ ያለው የቢጫው ነገር ልክ ነው። ሰማያዊው ብርሃን በቆዳው ገብቶ ቢጫውን ይሰብረዋል፣ ልጁም በሽንትና በሰገራ ያወጣዋል። ቁጥሩ ከወረደ በሁለት በሦስት ቀን ወደ ቤት። ሃያ ከደረሰ ግን ይህ ሆስፒታል አይችለውም፤ በአምቡላንስ ወደ ሌላ ከተማ ተወስዶ ደሙ በሌላ ሰው ደም መቀየር አለበት። ከዚያ ካለፈ ደግሞ አንጎሉን ሊነካው ይችላል።

ሲስተር ቀስታ ሦስቱን መብራቶች አየች። ለታመመው የሚሻለውን መስጠት ልማዷ ነው። ልጁን በአዲሱ፣ በጥልቁ ሰማያዊ ሥር አስተኛችው፤ ዓይኑን በነጩ ጨርቅ ሸፈነችለት፤ ግንባሩን በጣቷ ነካ አድርጋ "በል እንግዲህ፣ የኔ ጌታ" አለችው።

ማክሰኞ ጠዋት ስትመጣ ቁጥሩ አሥራ ስምንት ነጥብ ስድስት ሆኖ ጠበቃት።

ዶክተሯ ወረቀቱን ይዛ ከንፈሯን ትነክሳለች። "ብርሃን ሥር አድሮ ጨመረ፣ ሲስተር። የደም አለመስማማት ይሆን ብዬ አስመረመርኩ፤ እሱም የለም። አሥር ሰዓት ላይ ደግመን እንወስዳለን። ሃያ ከነካ ይሄዳል። የመሸኛ ወረቀቱን መጻፍ ጀምሬያለሁ።"

ከአልጋው አጠገብ አያትየዋ ይህን ሁሉ ሰምተዋል። ቦርሳቸውን ከወለሉ አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

"እኔ ትናንትም ብያለሁ። ይህ መብራት የውሸት ነው።"

"እማማ፣ መብራቱ ይሠራል" አለች ሲስተር ቀስታ። "ስንቱን ልጅ አድኗል።"

"ስንቱን እንጃ፤ የኔን አላዳነም። አምስት ወልጃለሁ፤ አምስቱንም ፀሐይ ነው ያሳደገልኝ። ስጡኝ ልጄን፤ መስኮቴ ሥር አስተኛዋለሁ።"

"እማዬ፣ ቆይ" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ በማይሰማ ድምፅ።

"ምን እቆያለሁ? ላባው እንደተነጨ ዶሮ አራቁተው ነው የሚያሳድሩት! ብርድ ይገድለዋል።"

ሲስተር ቀስታ ወንበር ስባ ከአያትየዋ ጉልበት ጋር ጉልበቷን አገናኝታ ተቀመጠች። ስለ እህቷ ለበሽተኛ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ አታወራም፤ ያን ቀን ግን አወራች። ስለ ወርቅ መሳይዋ ልጅ፣ ስለ ዝምታዋ፣ ስለ መስኮቱ። "እናቴ ከእርስዎ ያነሰ አልወደደቻትም" አለች። "ፀሐይዋም ያው ፀሐይ ነበረች። ግን ይህን ለሚያህል ቢጫ አትበቃም። በኔ ሞት እማማ፣ እስከ አሥር ሰዓት ብቻ ይታገሱኝ።"

የአያትየዋ ዓይን ትንሽ ለስልሶ ወደ ልጃቸው ዞረ። ቦርሳው ግን ከጭናቸው አልወረደም።

ሲስተር ቀስታ ተነስታ ወደ ሕፃኑ ሄደች። እሷ አንድ ልማድ አላት። ብርሃን የነካው ቆዳ በአንድ ቀን ውስጥ ፈዘዝ ይላል፤ ደሙ ገና ቢጫ ሆኖ ሳለ ጉንጩ የዳነ ይመስላል። ከዓይን መሸፈኛው ሥር ያለው ቆዳ ግን ብርሃን ስለማይነካው እንደነበረ ይቀራል። ስለዚህ መብራቱን ታጠፋና፣ መጋረጃውን አንድ ስንዝር ገለጥ ታደርግና፣ ጸሎቷን ብላ ዓይኗ ሲመለስላት ጨርቁን ታነሳለች። ሕፃናቱ ሁሉ በዚያን ጊዜ ቢጫ መነጽር ያደረጉ ትናንሽ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። ያ መነጽር ነው እውነቱን የሚነግራት፤ "ገና ነው፣ አትሸወጂ" ይላታል።

መብራቱን አጠፋች። መጋረጃውን ገለጠች። የቀን ብርሃን እንደ ነጭ ጨርቅ በሕፃኑ ላይ ወረደ። ጸሎቷን አለች። ጨርቁን አነሳች።

መነጽር የለም።

ከጨርቁ ሥር ያለው ቆዳና ጉንጩ አንድ ዓይነት ቢጫ ናቸው። ግንባሩም፣ ደረቱም፣ ሆዱም። ድንበር የለውም፣ መስመር የለውም። ሃያ ሰዓት ያህል ብርሃን ሥር የተኛ ልጅ ብርሃን አይቶ የማያውቅ ይመስል ነበር። ዓይኗ እንዳይሆን ብላ ሌላ ጸሎት ጨመረች፤ ይሄኛው ግን ከልብ የመጣ ነው። ወደ ሁለተኛው አልጋ ሄዳ፣ መብራቱን አጥፍታ የዚያን ልጅ ጨርቅ አነሳች። ቢጫው መነጽር ቁልጭ ብሎ አለ፣ ቁጥሩ ዘጠኝ ለደረሰ ልጅ እንኳ። ተመልሳ መጣች። ቀና ብላ ያን የሚያምር መብራት አየችው።

መጋረጃውን መልሳ ወጣች።

ጋሽ ፊውዝን ያገኘቻቸው ደረጃው ሥር፣ ማከፋፈያ ሣጥን ከፍተው ነው።

"ጋሼ፣ ትናንት ያመጧቸው አምፖሎች የምን ነበሩ?"

"የዓሣዎቹ ነዋ።"

"የምን ዓሣ?"

"አታስታውሺም? ድሮ መግቢያው አዳራሽ ውስጥ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ነበረ። ዓሣዎቹ ያለቁ ጊዜ አምፖሎቹ ተረፉ። ልካቸው አንድ፣ ቀለማቸው ሰማያዊ፤ ምነው?"

"ሰማያዊ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ጋሼ። የሚያክመው ሰማያዊ ለዓይን ያን ያህል አያምርም። የእርስዎ ለማየት ነው የተሠራው።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። "ልጁን ገደልኩታ!"

"ማንም አልሞተም። አምፖሉን ያስገቡት እርስዎ፣ ልጁን ከሥሩ ያስተኛሁት እኔ። ማማሩን አይቼ ማለፍ አልነበረብኝም። አሁን ይነሱ፤ አምፖሎቹ ከዚያ ይውጡ።"

ዶክተሯ ስትሰማ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ቶሎ ተስማሙ፦ ሁለተኛው አልጋ ላይ ያለው ልጅ ድኗልና ዛሬ ይወጣል፤ ይሄኛው በእሱ ቦታ ይገባል። ከዚያ ዶክተሯ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

"ሲስተር፣ ለቤተሰቡ አልጋ ቀየርን እንበላቸው" አለች። "ውሸት አይሆንም። አያትየዋን አይተዋቸዋል። ይህን ከሰሙ ልጁን አቅፈው ይወጣሉ፤ ከወጡ ደግሞ ልጁን አጣነው ማለት ነው።"

ክፉ ልጅ አይደለችም፤ የፈራችው ለሕፃኑ ነው። ሲስተር ቀስታም ፈራች። ያን ትልቅ ቦርሳ በዓይነ ኅሊናዋ አየችው፣ በሩን ሲያልፍ፣ ደረጃውን ሲወርድ። አንድ ቃል ባትናገር ቦርሳው ባለበት ይቀመጥ ነበር። ከክፍሉ ገና ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሳለ ግድግዳዎቹ ቢጫ ነበሩ፤ እንደ ሕልም ሁሉም ነገር ሩቅ ሆነባት። ከሕልሙ ውስጥ ግን አንድ ነገር ጠንክሮ ቀረ፦ ጠዋት እኒያ ሴትዮ "መብራቱ የውሸት ነው" ብለው ነበር፤ እሷ ደግሞ ዓይን ዓይናቸውን እያየች "ይሠራል" ብላቸዋለች።

"ዶክተር ልጄ" አለች፣ "አንቺ መሸኛውን አዘጋጅተሽ ጠብቂ። እኔ እነግራቸዋለሁ።"

መጀመሪያ ልጁን አዛወረችው። መብራቱን ዝቅ አደረገች፣ በአልጋው ዙሪያ ነጭ አንሶላ ጋረደች፣ ብርሃኑ ከየጎኑ እንዲመለስበት፤ ብዙ ቆዳ እንዲገለጥ ዳይፐሩን አጠፍ አደረገች። ከዚያ ወደ ሁለቱ ሴቶች ዞረች።

"እማማ፣ ጠዋት ስለዚያ መብራት የተናገሩት ልክ ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።" ሁሉንም ነገረቻቸው፤ መጋዘኑን፣ ገንዳውን፣ ቀለሙን፣ ያ መብራት አምሮ ስለታያት ልጁን ከሥሩ እንዳስተኛችው። "ሃያ ሰዓት ጠፍቶበታል። ይህን ማወቅ መብታችሁ ነው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ እንዳትሄዱ።"

"ዓሣ?" አሉ አያትየዋ። "የልጅ ልጄን ዓሣ አደረጋችሁት?"

"እማማ..."

"ዝም በዪ! ተቀጥራ ልጅ የምታድን መስሎኝ! ተነሺ አንቺ፣ ልበሺ፤ እንሄዳለን። አላልኩም? አላልኩም ወይ?" ቦርሳውን ትከሻቸው ላይ አነገቱት፤ እጃቸው ወደ ሕፃኑ ተዘረጋ።

"እማዬ፣ ቦርሳውን አስቀምጪው።"

ልብስ ሰፊዋ ናት። ድምጿ አልጮኸም፤ ነገር ግን እናቷ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

"እኔ ስንት ቀሚስ አበላሽቼ 'ጨርቁ ነው' ብዬ አልፌያለሁ" አለች፣ እንባዋ እየወረደ። "ደንበኛ መች ያውቃል? እሷም 'በሽታው ነው' ብትለን እናምናት ነበር። ማን ያውቅባት ነበር? ራሷ መጥታ እኔ ነኝ አለች። ልጄን ለዚህች ሴት ነው የምሰጠው።" ከዚያ ወደ ሲስተር ቀስታ ዞረች። "ይንገሩኝ፣ ምን ላድርግ?"

"ጡት ታጠቢዋለሽ፣ የኔ ልጅ። በየሁለት ሰዓቱ። ባይነቃም እግሩን እያሸን እናነቃዋለን። ካልሸናና ካላራ ቢጫው መውጫ የለውም።"

አያትየዋ ቦርሳውን ወለሉ ላይ ጣሉትና ላዩ ላይ ተቀመጡበት። "እቀመጣለሁ። ግን ዓይኔን ከዚያ መብራት ላይ አልነቅልም።"

"ዓይንዎን ያምዎታል።"

"ይመመኝ!"

እውነትም አልነቀሉም። ቀትር ላይ ግን ውኃ ጠምቷቸው ወደ ኮሪደሩ ወጡና ወዲያው ጩኸታቸው ተሰማ። "ወይኔ ጉዴ! በሽታው ወደ እኔ ተላለፈ! እጄን እዩት፣ ቢጫ ሆንኩ!" ሲስተር ቀስታ ሮጣ ወጥታ በሳቅ ፈረሰች፤ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። ምክንያቱን ነገረቻቸው። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ግድግዳውን ተደግፈው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጸሎት አሉ። ሲጨርሱ አያትየዋ እጃቸውን አገላብጠው አዩት፤ ተመልሷል። "እህትሽ" አሉ ቀስ ብለው፣ "አሁን ማን አላት፣ አንቺ እዚህ ስትውዪ?"

"ጎረቤት አለች። ደግሞ እሷ ናት እኔን የምትጠብቀኝ እንጂ እኔ አይደለሁም።"

"እግዜር ይጠብቃችሁ" አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ከሰዓት በኋላው እንደ ሕልም ሄደ። በሰማያዊው ውስጥ ሰዓት የለም። እናት ትቀመጣለች፣ ሕፃኑን ታነሳለች፣ ሲስተር ቀስታ በርጥብ ጥጥ እግሩን ታሸዋለች፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይስብና ይተኛል። እንደገና። እንደገና። ሥራዋ ሊያልቅ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ተረኛዋ ነርስ መጣች፤ ሲስተር ቀስታ መዝገቡን አስረከበቻት፣ የሆነውንም በገዛ እጇ ጽፋ ፈረመችበት፣ ግን ጋውኗን አላወለቀችም። ጋሽ ፊውዝ ሁለት ጊዜ በሩን ገርበብ አድርገው አዩ፤ ሁለቱንም ጊዜ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። በሦስተኛው አያትየዋ "ይግቡ እንጂ፣ ሌባ ነው የሚመስሉት" ብለው አስገቧቸውና ከቦርሳው ጫፍ ቦታ ሰጧቸው።

አሥር ሰዓት ላይ ደም ተወሰደ። ሲወጋ ልጁ ከጠዋቱ ረዘም አድርጎ አለቀሰ። አምቡላንሱ ግቢው ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል፤ መሸኛው ወረቀት ተፈርሞ ጠረጴዛው ላይ ነው። ላብራቶሪው አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ሲስተር ቀስታ ያን አርባ ደቂቃ ምን እንዳደረገችበት በኋላ ስትጠየቅ አታስታውሰውም። አያትየዋ ግን ያስታውሳሉ፤ የአልጋውን ጠርዝ ይዛ ቆማ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

ዶክተሯ ወረቀቱን ይዛ ስትገባ ሁሉም ፊቷን ለማንበብ ሞከሩ፤ በዚያ ብርሃን ግን ፊት አይነበብም።

"አሥራ ስምንት ነጥብ አንድ" አለች።

"ይህ ምን ማለት ነው?" አሉ አያትየዋ። "ጠዋት አሥራ ስምንት አልነበረም እንዴ?"

"ነጥብ ስድስት ነበር፣ እማማ። ግማሽ ነጥብ ወርዷል።"

"ግማሽ ብቻ?"

"ሽቅብ ሲሮጥ የነበረ ነገር ነው" አለች ሲስተር ቀስታ። "ቆሞ፣ ዞሮ፣ ግማሽ ወረደ። ነገም ይወርዳል። አይሄድም፤ እዚሁ ነው የሚድነው።" ጋሽ ፊውዝ መነጽራቸውን ለመጥረግ ሸሚዛቸውን ጎተቱ። ዶክተሯ አምቡላንሱን ልታሰናብት ስትወርድ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ልጇን እያየች ነበር። ሕፃኑ እግሩን አንፈራገጠ፣ አፉን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ወሰደ፣ ከዚያ ማንም ሳይወጋው፣ ማንም እግሩን ሳያሸው፣ ጉሮሮውን ከፍቶ አለቀሰ። ወፍራም፣ የተቆጣ፣ የራበው ሰው ልቅሶ። ሦስተኛው አልጋ ላይ ያለችው ሕፃንም ነቅታ ተቀበለችው፤ ሰማያዊው ክፍል በጩኸት ተሞላ።

"ይህን ባለጌ ስሙት!" አሉ አያትየዋ፣ እጃቸውን እያጨበጨቡ። "ስሙት እስቲ!"

እናቱ አነሳችው። ሲስተር ቀስታ ጨርቁን ከዓይኑ ላይ ፈታችለትና የእናቱን ፊት አየ፤ ወይም ያየ መሰለ። ከዚያ ጡቷን ያዘ። የሦስተኛዋም ሕፃን ልቅሶ በረደ፣ ክፍሉ እንደገና ጸጥ አለ፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሕፃኑ ወተቱን ሲውጥ፣ ጉትት፣ ጉትት ሲል፣ እስከ በሩ ድረስ ይሰማ ነበር።